የሞተር ሐኪሞች በቦሌ

ለመሆኑ፣ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ቤታችን በር ላይ፣ የአሮጌዋን የጀርመን አውቶሞቢሌን ኮፈን ከፈትኩ። ስትሄድ ጨዋ ናት፤ ሞተሯ እየሠራ ስትቆም ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ወዲያው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከበበኝ። አንዱ “ካንዴላ ነው” ሲል ሌላው “የለም፣ ቤንዚኑ ነው” ይላል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደረሱ።

“ይኼ የምን ስብሰባ ነው?”

ሁላችንም ደነገጥን። “ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪናዬ አሟት ነው” አልኩ።

ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣል አደረጉ። “ካርቡራተሩ ነው። የምትደግፉ እጅ አውጡ።”

ባለካንዴላውም፣ ባለቤንዚኑም፣ እኔም አወጣን።

“ተቃውሞ?”

በሰፈራችን በግልጽ የተቃወመ ያ ሞተር ብቻ ነበር፤ እሱም እየተንቀጠቀጠ።