ቱርካዊቷ አስተርጓሚያችን

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሐበሻ ልጅ እንግሊዝኛ መቻል ችሎታ አይደለም፤ ግዳጅ ነው። ሒሳብ ቢያቅታችሁ የሚቆጣችሁ አስተማሪያችሁ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ከቻላችሁ ግን የሰፈራችን የፒዮሪያ ስትሪት አሮጊትና ሽማግሌ ሁሉ ያዛችኋል። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከሐኪም፣ ከጠበቃና ከመኪና ጠጋኝ ጋር ስደራደር ኖሬያለሁ። በአማርኛ እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን የሆድ ዕቃ በእንግሊዝኛ አስረድቻለሁ። ይህ ሁሉ ደግሞ የወደቀው በማን ላይ ነው? ሰው ፊት ስትቆም ድምፅዋ በሚጠፋባት ልጅ ላይ! ፒዛ በስልክ ለማዘዝ ታናሽ ወንድሜን የምለምን ሰው ነኝ እኮ።

ስለዚህ ወይዘሮ ኔርሚን ወደ ሕንፃችን ሲገቡ በተሰማኝ ደስታ አትፍረዱብኝ። ወይዘሮ ኔርሚን ቱርክ ናቸው፤ የልብ ወለድ ደራሲና ተርጓሚ። እንግልውድ የምትባል ጎረቤት ከተማ ያለችውን ነርስ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ በቤቱ መንታ ሕፃናት ስላሉ የጀመሩት ልብ ወለድ አልገፋ አላቸው። ጸጥታ ፍለጋ እኛ ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ጸጥታ ፍለጋ፣ እኛ ሕንፃ! ደራሲ ስለ ኑሮ የሚጽፈው ኑሮን ስለማያውቀው ይሆን እንዴ?

መዝገበ ቃላቶቻቸውን ከመኪና ስላወጣሁላቸው ወዳጅ ሆንን። ያደጉት ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ውስጥ ነው። አባታቸው መድኃኒት ቤት ስለነበራቸው ልጃቸውም ፋርማሲስት እንድትሆን ቆርጠው ነበር። ወይዘሮ ኔርሚን ግን ሳል ያለበትን ሰው ሽሮፕ ሰጥተው ከመሸኘት ይልቅ ሳሉ ከየት እንደጀመረው ሲጠይቁት ይውሉ ነበር። ወረፋው በር ላይ ሲደርስ አባትየው ራሳቸው አሰናበቷቸው። ከዚያ ለዓመታት የፈረንሳይና የእንግሊዝ ልብ ወለዶችን ወደ ቱርክኛ ሲመልሱ ኖሩ። «ሌሎች ደራሲዎች የፈጠሯቸውን ሰዎች በደንብ ማናገር ስችል ነው የራሴን ሰዎች ለማናገር የደፈርኩት» ብለውኛል። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሲሉ ከሰዓቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ጮክ ብለው እያነበቡ ይመላለሳሉ። ጎረቤቶቻችን ግን በስልክ ከባላቸው ጋር የሚጣሉ መስሏቸው ያዝኑላቸው ነበር። ባልየው ከሞቱ ቆይተዋል።

ስህተቱ የተጀመረው ለእናቴ «ተርጓሚ ናቸው» ብዬ የነገርኳት ቀን ነው። እኛ ሕንፃ ላይ ተርጓሚ ማለት መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው አይደለም፤ ከሰው ጋር ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። አስተርጓሚ ፍለጋ መጀመሪያ ቤታችን የመጡት ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ የሺ ናቸው። ሴትዮዋ የሚያውቁት ቱርክኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛ አይሰሙም ብዬ አስረዳሁ። እማማ የሺ በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ ተርጓሚ አይደለችም እንዴ? የማትሰማውን ካልተረጎመች የምትሰማውንማ ማን ያጣዋል?» አሉኝ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

ጉዳያቸው ቀልድ አልነበረም። አከራዮቹ የምድር ቤቱን አፓርታማዎች አሳምረው ለአዲስ ተከራይ ሊያሳዩ ስለፈለጉ፣ እማማ የሺ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንዲዛወሩ ተነግሯቸዋል። ሕንፃው ሊፍት የለውም። የእማማ የሺን ጉልበት ላየ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ማለት ቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ ጎረቤት ቀረ፣ ፀሐይ ቀረ ማለት ነው።

ጉዳዩን ለወይዘሮ ኔርሚን በእንግሊዝኛ ነገርኳቸውና አብረውን ሊሄዱ እሺ አሉ፤ በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም የሕንፃው ማኔጀር ቢሮ ገባን። እኔ ለክፉም ለደጉም ተብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ወይዘሮ ኔርሚን ዞሩና በአማርኛ ጀመሩ። ስለ ጉልበታቸው ተናገሩ፤ ሕንፃው ውስጥ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ ተናገሩ፤ «ይኼ ሰውዬ ግን እናት የለውም ወይ?» ብለው ጨረሱ። ወይዘሮ ኔርሚን አንድ ቃል ሳይገባቸው በሙሉ ፊታቸው አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ማኔጀሩም አየኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣ ነገር የለም። ማኔጀሩ ሰዓቱን ተመለከተ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ኔርሚን ወንበራቸውን አስጠጉና በዝግታ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስለ አንዲት ሴት ሊነግሩት እንደሚፈልጉ ገለጹለት። ልጆቿ ባሕሩን እያየሽ ትኖሪያለሽ ብለው ላይኛው ፎቅ አወጧት። መጀመሪያ ጎረቤቶቿ ደረጃውን እየወጡ ይጠይቋት ነበር። ቆይተው ከታች እየተጣሩ ሰላም ይሏት ጀመር። በኋላ መጣራቱንም ተዉት። ሴትዮዋ ዳቦ የምትገዛው ቅርጫት በገመድ አስራ በመስኮት በማውረድ ነው። የማትበላውን ዳቦ ሁሉ ታዝዛለች፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚነካ ሰው እንዲኖር ብላ። ዳቦ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ በኋላም ቅርጫቷን ማውረድ አልተወችም።

ማኔጀሩ መነጽሩን አወለቀ። እማማ የሺን ለረዥም ጊዜ ተመለከተና «ንገሯት፣ ካለችበት ማንም አያስነሳትም» አለ።

እኔ ግን ሴትዮዋን አውቃታለሁ። የወይዘሮ ኔርሚን አዲሱ ልብ ወለድ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ባለፈው ሳምንት ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ አንብበውልኛል። ዋሹ እንዳትሉ! ሴትዮዋ እማማ የሺ ናቸው ያለ ማን አለ? ደራሲ አይዋሽም፤ የሚቸኩለው ሰሚው ነው።

ውጭ ስንወጣ እማማ የሺ ወይዘሮ ኔርሚንን ግራና ቀኝ ስመው ሸኙና ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ? ማስተርጎም እንዲህ ነው! አንቺ ብትሆኚ ‹ጉልበቷን ያማታል› ብለሽ ትጨርሺው ነበር። ለመሆኑ ግን ምን ብዬ ነው ያሳመንኩት?»

ደረጃው ሥር ተቀመጥንና ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአማርኛ ነገርኳቸው። ድምፄም አልጠፋ። ቅርጫቱ ጋ ስደርስ እማማ የሺ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«ምስኪን! የእኔስ ጉልበት በቅባት ሲያሹት ይሻለዋል» አሉ። «ተነሺ ልጄ፣ ተመለሺና ለሰውዬው ንገሪው። ቤቱን ለእሷ ይስጣት፤ እኔ ሦስተኛውን ፎቅ እወጣዋለሁ።»