ለእንግዳ የሚነበብ መጽሐፍ

የልጆች መጻሕፍትን እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚያድል መምህር አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ።

መጻሕፍቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ሲል አንዱን መርጬ ልጆቹን በቃል አስጠናቸዋለሁ። በዕለቱ ልጆቹ መጽሐፉን ይዘው በቃላቸው ይሉታል፤ እኔም ማንበብ አስተማረ ተብዬ እመሰገናለሁ። ማን ተጎዳ ታዲያ?

ባለፈው ጉብኝት ዋዜማ ግን ዘሃራ የምትባል ልጅ ከተፈናቃዮች መጠለያ መጥታ ተመዘገበች። ጥናቱ አልደረሳትም። በማግስቱ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ የመጽሐፉን የጦጣ ታሪክ ሲያወርደው፣ እሷ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ታነባለች። ሁሉም ጨርሶ ዝም ሲል ዘሃራ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበረች።

ሱፐርቫይዘሩ ማስታወሻ እየያዘ "ይቺ ልጅ ድጋፍ ያስፈልጋታል" አለኝ።

"አዲስ ናት፤ እናስተካክላታለን" አልኩት። ምን ልበል? ከክፍሉ የምታነበው እሷ ብቻ ናት ልበል?

ሲወጣ ጠራኋትና "ዘሃራ፣ ከጓደኞችሽ እኩል በይ እንጂ" አልኳት።

"ቲቸር፣ እነሱ እኮ ገጹን አልገለጡም።"

"እኩል በይ አልኩሽ።"

በዚህ ወር ሱፐርቫይዘሩ ተመልሶ መጣ። ዘሃራ ገጹን ሳትገልጥ ከሁሉም ቀድማ፣ ከሁሉም ጮክ ብላ ጨረሰችና ልክ መሆኗን ለማወቅ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁላት።