ብረቴን ሊያስቀብሩ የመጡ ሽማግሌዎች

መብራት ሠሪ ሁሉ ቀባሪ ነው። ሰው ሬሳውን ይቀብራል፤ እነሱ ግን ደህናውን ብረት ቅበር ይሉሃል፤ ያውም በራስህ ገንዘብ! አንባቢዬ ትስቅ ይሆናል... ቤትህ እስኪመጡ ጠብቅ።

ባለቤቴ ዘሀራ እዚህ መርሳ፣ በቤታችን የፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ቀዝቃዛ ለስላሳ ትሸጣለች። ፍሪጁ አሮጌ ነው፤ ማቀዝቀዙን ግን ያቀዘቅዛል። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ አለው፤ ይነዝራል። ዘሀራ እጀታውን በፌስታል ጠቅልላ፣ የላስቲክ ጫማ አድርጋ ትከፍተዋለች። ከጎረቤት ከተማ ከግራና የመጣ ገበያተኛ ሁሉ አመሉን ስለሚያውቅ በሩቁ ቆሞ አውጡልኝ ይላል። እኔማ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ ሌባ የማይደፍረው ፍሪጅ ማን አለው?

ኑሩ የሚባል መብራት ሠሪ አየውና ደነገጠ። የተላጠውን ሽቦ ልቀይር፣ የሚነዝረው ወደ መሬት እንዲወርድ ረጅም ብረት ቀብሬ ከፍሪጁ ጋር ላያይዝ፣ ያለዚያ ሰው ይገድላል አለ። እኔ ለሚታይ ነገር ነው የምከፍል፤ ከፈለግህ አምፖል ስቀል አልሁት።

"አባባ ይማም፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መብራት ግን ለሳቅም ጊዜ አይሰጥዎ" አለኝ።

ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ መለስሁት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ሸህ ሙሄ ናቸው። ተቀመጡ ብል፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ወዲያው ገባኝ። ልጄ ዘይነባ ለትዳር ደርሳለች። ጉሮሮዬን ጠራርጌ እንደ ወጉ፣ ልጅቱ የእኔ ብቻ አይደለችም፣ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አልሁ።

ሸህ ሙሄ ጓደኞቻቸውን ዞረው አዩ። "ይማም፣ ለልጅቱ አይደለም። ለብረቱ ነው የመጣን።"

ለካ የላካቸው ኑሩ ኖሯል! የዘሀራን ለቅሶ ከመቀመጥ የአንተን ደጅ መጥናት ይሻለኛል፣ የእጄንም ትቼለታለሁ፣ የዕቃውን ብቻ ይቻል ብሏል። እንዲህ ያለ ድፍረት አይተህ ታውቃለህ?

አልፈቅድም አልሁ። እነሱም አልተቀመጡም። የመርሳን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ላብ በላብ ሆነን ተፋጠጥን። በመጨረሻ ሸህ ሙሄ ደከማቸውና እጃቸውን ፍሪጁ ላይ አሳረፉ...

"ያ ረቢ!" አሉና ዱብ፤ መሬት ላይ ቁጭ።

ዘሀራ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። ሸሁ እጃቸውን አገላብጠው አዩና "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አሉ። ሊነሱ ሲሉ አንደኛው ሽማግሌ ትከሻቸውን ያዙ።

"እንዳይነሱ! ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ተፈቀደ ማለት ነው።"

ሸህ ሙሄም ነገሩ ገባቸውና እግራቸውን አጣጥፈው ተደላደሉ። ዘሀራ ከኋላዬ ምንጣፍ ይዛ መጣች፤ ተፈቅዷል ብላ ለሁሉም አነጠፈች።

እውነቱን ልንገርህ፤ የሸሁን እጅ ሳይ የታየኝ የዘሀራ እጅ ነው። አፌ ግን እንዴት ይሸነፍ? እኔ አልፈቀድሁም፣ ፍሪጁ ነው የፈቀደ አልሁ።

ብረቱ ተቀበረ፣ ሽቦውም ተቀየረ። ዘሀራ ፌስታሉን ጥላ በባዶ እጇ ትከፍታለች።

ሰሞኑን ደግሞ ኑሩ ለዘይነባ ሽማግሌ ሊልክ ነው ይሉኛል። ይላክ። ፍሪጁ እንደሁ ከእንግዲህ አይነዝርም፤ ያለ ፈቃዴ ማን እንደሚያስቀምጣቸው አያለሁ።