ስሙን ብቻ የሚናገር ራዲዮ ጣቢያ

ባሕር የተሻገረ ሰው ሁሉ የቀድሞ ሥራው እድገት ያገኛል። እዚህ ቶሮንቶ ውስጥ፣ «አገር ቤት ተራ ጸሐፊ ነበርኩ» የሚል አበሻ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሁሉም ኃላፊ ነበር፤ ማን ይታዘዝ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ስለዚህ አጎቴ ጋሽ ይርጋ ያለ ማመልከቻ ጋዜጠኛ ተደርገው ሲሾሙ ሊገርመኝ ባልተገባ ነበር።

ኖርዝ ዮርክ ያለችው ጓደኛዬ አስቴር ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል፣ መድረክ የሚመራላት ሰው «አልመቸኝም» ብሎ ቀረባት። ኮል አድርጋ ስትነፋረቅብኝ፣ «ጋሼን ልለምንልሽ? በወጣትነታቸው ኦጋዴን ራዲዮ ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ ድምፃቸው ያምራል» አልኳት። «ጋዜጠኛ ናቸው እንዴ! ምነው እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?» አለች። ያኔ ማረም ነበረብኝ። ግን የጋዜጠኛ ዘመድ መሆን ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት የእኔን ዝምታ ባያዩ ነው።

የጋሼ ጣቢያ ዜና የለው፣ ዘፈን የለው። ለአውሮፕላኖች አቅጣጫ እንዲያሳይ በረሃ መሐል የተተከለ ረጅም አንቴና፣ አንድ ጄኔሬተርና ሲጨልም የሚበራ ትልቅ መብራት ነበር። አንቴናው በሞርስ፣ በዚያ በድሮው የቴሌግራም ምልክት፣ ጢጥ ጢጢጥ እያለ ሌት ተቀን የሚያስተላልፈው የራሱን መጠሪያ ፊደሎች ብቻ ነው። (የራሱን ስም ሲደጋግም የሚውል ሰው በማኅበራችን ኮሚቴም አለ፤ እሱ ግን አውሮፕላን መርቶ አያውቅም።) አብራሪው ቁልቁል ቢያይ አሸዋና ቁጥቋጦ ነው። ያቺን ድምፅ ሲይዝ ግን የመሣሪያው መርፌ ወደ ጣቢያው ይዞርለታል። ያን ሁሉ ነፍስ ጭኖ በአንዲት መርፌ በረሃ መሻገር! ስልኬ እየመራኝ ኤግሊንተን ዌስት ላይ የምጠፋው እኔ፣ ይህን ሳስብ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ጋሼም ጄኔሬተሩ ድንገት ቢቆም እንዲሰሙ አጠገቡ ይተኙ ነበር። ሰው በዚያ ጩኸት እንዴት ይተኛል? እሳቸውን የሚቀሰቅሳቸው ጸጥታው ነበር።

ወደ ሠርጉ ስንሄድ ግን ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ዳንፎርዝ ስንደርስ፣ «ጋሼ፣ አስቴር እኮ እርስዎን የምታስበው ጋዜጠኛ ነበሩ ብላ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ንገሪያታ!» አሉኝ። «አሁን? በልጇ ሠርግ ቀን?» ብል፣ «አንቺ ካፈርሽ እኔ መድረክ ላይ እነግራታለሁ» ብለው ከረባታቸውን አስተካከሉ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት አስቴርም ልትዋረድ፣ ሽማግሌው መሳቂያ ሊሆኑ፣ እኔም ጓደኛ ላጣ ነው። ሮጬ አስቴርን ብፈልጋት ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ላይ ናት። ሳልደርስባት ጋሼ ማይኩን ያዙ።

«እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም» ብለው ጀመሩ። «የእኔ ራዲዮ ጣቢያ ዜና ተናግሮ አያውቅም። እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ ሲል ነበር የሚውለው። በረሃ ላይ መንገድ ለጠፋው ግን ከዚህ የበለጠ ወሬ የለም። ልጆቼ፣ መኳረፋችሁ አይቀርም፤ ስትኳረፉም እዚህ ነኝ ተባባሉ። በሉ፣ ምግብ ቀርቧል» ብለው ማይኩን መለሱ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ ግን አስቴር ዘንድ ሄጄ፣ «ሶሪ አስቱዬ፣ ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። እውነትም ጋዜጠኛ አልነበሩም» አልኳት።

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «እሱማ ገብቶኛል» አለችኝ፤ «ማይክ የሚመልስ ጋዜጠኛ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»