የማዳም ናማሎምባ ተሟጋቾች

እግዜር አንድን ትምህርት ቤት ሰላም ሊነሳው ሲፈልግ፣ ልጆችን «እንዴት አወቃችሁ?» የምትል አንዲት አስተማሪ ይልክበታል። ቺልዋ ሐይቅ ዳር ላለነው የደረሱን ክብርት ማዳም ናማሎምባ ናቸው።

እኔ ከእሳቸው ክፍል ግድግዳ ወዲህ ያለውን አምስተኛ «ቢ» አስተምራለሁ። ክፍሌ ሥርዓት ያውቃል፤ «ገባችሁ?» ስል ሰባ ስምንቱም በአንድ አፍ «አዎ ጌታዬ!» ይላሉ። ከወዲያ ግን ገበያ ነው። እመቤቲቱ በየማለዳው ሆን ብለው ሰሌዳው ላይ አንድ ውሸት ይጽፋሉ፤ እስከ ምሳ ላላገኘው ክፍል ወዮለት። አንድ ቀን «የሌሊት ወፍ እንቁላል ትጥላለች» ብለው ጽፈው፣ ልጆቹ ማስረጃ ፍለጋ የሌሊት ወፎች የሰፈሩበትን የኔን ክፍል ጣሪያ ሊያፈርሱት ምንም አልቀራቸውም።

ባለጌ አደረጓቸው እንዳልል ደግሞ አፌን ያስይዙኛል። በእኛ ዘንድ ልጅ ታላቁን ሲያናግር ይንበረከካል፤ የእሳቸዎቹም የሚሞግቱት ተንበርክከው ነው። «ጉልበት ይታጠፍ፤ ጥያቄ አይታጠፍ» ይሏቸዋል።

ባለፈው ወር ሱፐርቫይዘሩ ሚስተር ካምፒንጋ ወደ ማዳም ክፍል መጡና ለልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፉ «ሐይቃችን ደርቆ አያውቅም» ብለው አነበቡላቸው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆነችው ኤሉቢ ወጥታ ተንበረከከች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጌታዬ፣ ደርቆ ያውቃል። አባቴ ታንኳውን ገልብጦ ዶሮ አሳድሮበታል።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን የጻፉት ሊቃውንት ናቸው!»

«እሺ ጌታዬ። ሊቃውንቱ የመጡት በየትኛው ዓመት ነበር?»

እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳቄን የጠመኔ ሳል አስመሰልኩት።

ሚስተር ካምፒንጋ አልሳቁም። «ልጆች አባልጋለች» ተብሎ ማዳም ወደ ሰሜን ድንበር፣ ወደ ቺቲፓ፣ ሊዛወሩ ሆነ። የቀረው የጎረቤት አስተማሪ ምስክርነት ብቻ ነበር፤ ያለ እሱ አይሆንም።

«መቼም ከአንተ በላይ በእሷ የተማረረ የለም፤ ፈርም» አሉኝ ሱፐርቫይዘሩ።

እውነታቸውን ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አማርሬያለሁ። ብዕሩን ይዤ ወደ ደጅ ብመለከት፣ ማዳም የምታለቅሰውን ኤሉቢን አቅፈው «አላጠፋሽም ልጄ፣ ቀና በይ» ይሏታል።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማዳም ናማሎምባ በጩኸት አደንቁረውኛል፤ ጥፋት ግን አላየሁባቸውም። ቢሄዱ የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው። እግረ መንገዴን፣ እኔ ክፍል የምትማረው የገዛ ልጄ ፋይነስ ከነገ ጀምሮ ወደ እሳቸው ክፍል እንድትዛወርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»