ጉዳዩ፦ የብሩሽ እስክሪብቶ ቀለም መረጣን ይመለከታል

ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በመንገድ፣ በድልድይና በውሃ ጉድጓድ ይኩራሩ። የእኛ መሥሪያ ቤት የሚኮራበት ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ነገር አለው። ስሙን የማልጠቅሰው በትሕትና ነው፤ ደባርቅ ውስጥ መሆኑን ካወቃችሁ ይበቃል። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐላፊያችን አቶ ሰይፈ ሥላሴ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስደው ተመለሱ። ሰው ከሥልጠና ሲመለስ ጉንፋንና ቦርሳ ይዞ ይመጣል። እሳቸው ራእይ ይዘው መጡ። አሠልጣኟ የቀን ውሎዋን በቀለማት አሳምራ የጻፈችበትን ጆርናል አሳይታቸው ኖሮ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም አሉ። ሰኞ ጠዋት ሰበሰቡንና አቅጣጫ አስቀመጡ። ከዛሬ ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ የውሎ ጆርናል ይይዛል። ለባለጉዳይ የሚሰጥ ወረቀት ሁሉ ጫፉ እንደ ቀለም ብሩሽ በሆነ፣ ብሩሽ እስክሪብቶ በሚሉት፣ በእጅ፣ ፊደሉ አምሮ ይጻፋል። ተራው እስክሪብቶ በዕለቱ ተለቅሞ ካርቶን ውስጥ ታሸገ። የቀለሙ ምርጫ በኮሚቴ እስኪጸድቅ ድረስም ማንም ምንም እንዳይጽፍ ታዘዘ። ለጽሕፈት ይህን ያህል ክብር ሰጥቶ ጽሕፈትን ያስቆመ ሐላፊ እኔ አላየሁም።

በዚያው ሰኞ ሰጠኝ መጣ። ሰጠኝ ከሳንቃ በር አካባቢ የሚመጣ በቅሎ ነጂ ነው፤ ተራራውን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ይጭናል። ፈቃዱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይታደሳል። ፈቃድ ያላሳደሰ ሰው የተራ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሰው በቅሎ ሲጫን ቆሞ ያያል። የሰጠኝ ቤት የሚኖረው በዚያች በቅሎ ነው። እድሳቱ ሁለት መስመር ጽሑፍና አንድ ማኅተም ነው።

“እስቲ ቶሎ ጫር ጫር ያርጉልኝ፣ ጋሼ” አለኝ።

“በምን?”

“በእስክሪብቶ ነዋ።”

“ታሽጓል።”

“ታዲያ የኔን ልስጥዎታ” ብሎ ከኮፍያው ሥር ሰማያዊ እስክሪብቶ መዘዘ።

“ደብቅ አንተ ሰው፣ እንዳያዩህ” አልኩት። ለሰኞ ቀጠርኩት፤ ወደ ተራራው ተመለሰ።

ኮሚቴው በትጋት ሥራውን ጀመረ። ሰብሳቢው አቶ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ባለሙያዋ የዕቅድ ክፍሏ ዓለምዬ ናት፤ የፊደል ማሳመሩን ነገር ከስልኳ ተምራዋለች፣ ጎንደር ወርዳ አሥራ ሁለት ቀለም ያለውን ፓኮ ያመጣችውም እሷ ናት። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። መጻፍ ስለተከለከለ ቃለ ጉባኤውን በቃሌ ነው የያዝኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት በእስክሪብቶው ጫፍ ጉዳይ አለቀ።

“ለስላሳው ቲፕ ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያነሡት ይቀጥናል” አለች ዓለምዬ። “ለጀማሪ ግን ጠንከር ያለው ይሻላል።”

“ጀማሪው ማነው?” አሉ አቶ ሰይፈ ሥላሴ።

“እኔንጃ... ሁላችንም።”

“እኔም?”

“ለስላሳው ይሁን” አለች ዓለምዬ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሰጠኝ በሁለተኛው ሰኞ መጥቶ ተመለሰ። ሦስተኛው ሰኞ ላይ እስክሪብቶው ሲሞከር ቀለሙ የእኛን ስስ ወረቀት እያለፈ ጠረጴዛው ላይ መቅረቱ ተደረሰበት። ወረቀት እስኪቀየር ሌላ ሳምንት ሄደ፤ ጠረጴዛው ላይ እስከ ዛሬ ድረስ “ፈቃድ” የሚል ይነበባል። ሰጠኝ ያን ቀን ጠረጴዛውን ትክ ብሎ አይቶ፣ “ጠረጴዛውስ ፈቃድ አገኘ” ብሎ ሄደ።

ከዚያ ዋናው የቀለም ምደባ መጣ። ለዚህ ትልቅ ጉዳይ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል በአማካሪነት ተጠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲጽፉ የኖሩ፣ ቀለሙንም ራሳቸው በጥብጠው የሚያዘጋጁ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለቱን እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ ከፍተው አሸተቱ።

“የኔታ፣ በእናንተ ቤት ቀይ ለምን ይውላል?” አሉ አቶ ሰይፈ ሥላሴ።

“ለጌታ ስም፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳን። የቀረው በጥቁር ነው። በሁለት ቀለም ይኸው ስንት ዘመን ኖርን።”

“ቀይ የክብር ነው ማለት ነው።”

“የክብርማ ነው።”

“እንግዲህ የኔ ስም እንዴት ይጻፋል?”

መሪጌታ ቀዩን እስክሪብቶ መልሰው ከደኑ። “ሥላሴ የሚለው በቀይ ይጻፋል። ሰይፈ የሚለው በጥቁር።”

የሐላፊያችን ፊት ጠቆረ። “ግማሽ ሰው ነኝ እንዴ፣ የኔታ?”

“ልጄ፣ ቀዩ መች ላንተ ሆነ፤ ለሥላሴ ነው እንጂ።”

መሪጌታ ለሰጡት ሙያዊ ግብዓት በጭብጨባ ተመስግነው ተሸኙ። ወዲያው እንዲህ የሚል ውሳኔ በቃሌ ያዝኩ፦ በሊቃውንት ምክር መሠረት የሐላፊው ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ይሆናል። ለምክትላቸው ሐምራዊ፣ ለቡድን መሪዎች ሰማያዊ፣ ለባለሙያዎች አረንጓዴ፣ ለስብሰባ ብርቱካናማ፣ ለሻይ ዕረፍት ቡናማ ተመደበ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አሥራ አንዱ ቀለም አለቀ። ከፓኮው ውስጥ አንድ የሎሚ ቢጫ ቀረ፤ በዝርዝሩ ውስጥም ቦታ ያላገኘ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ባለጉዳዩ።

“ቢጫው ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም እኮ” አለች ዓለምዬ።

“መታየት ያለበት ባለጉዳዩ ነው ወይስ አገልግሎቱ?” ብለው ጠየቁ አቶ ሰይፈ ሥላሴ። ቢጫው ለባለጉዳዩ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሥራ ላይ የቆየሁት እንዲህ ባለው ሰዓት ስለማጨበጭብ ነው።

በስድስተኛው ሰኞ የሰጠኝ ፈቃድ ተጻፈ። ከልቤ ነው የምለው፣ ያምር ነበር። ዓለምዬ እጇ ወርቅ ነው። የሐላፊያችን ስም መሐል ላይ፣ ሦስት ጣት የሚሞላ፣ ቀይ ሆኖ ጉብ አለ። ግርጌው ላይ ደግሞ በእሳቸው ትእዛዝ “ስርዝ ድልዝ ያለበት ፈቃድ ዋጋ የለውም” ተባለ።

“የኔስ ስም?” አለ ሰጠኝ።

“ወደ መስኮቱ አዘንብለው” አልኩት።

አዘነበለው። ዐይኑን አጨንቁሮ ቆየና፣ “እንግዲህ አለ ካላችሁኝ አለ ነው” ብሎ አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው።

አርብ ዕለት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ሳንቃ በር ላይ ተራ የሚመዘግበው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት ያርጋል ነበር። ያርጋል የተጻፈለትን እንጂ የተነገረውን የማይመዘግብ፣ ለአገር የሚያስፈልግ ሰው ነው።

“እናንተ ጋ ሰይፈ ሥላሴ የሚባል በቅሎ ነጂ አለ?” አለኝ።

“በቅሎ ነጂ?”

“ፈቃዱ ላይ የሚነበበው ስም ይኸው ብቻ ነው። ሰጠኝ የኔ ነው ይላል፤ የሱ ስም ግን የለበትም። በሚነበበው ስም መዝግቤዋለሁ፤ ተራው ነገ ሁለት ሰዓት ነው። ባለ ስሙ ካልቀረበ ለዓመቱ ይሰረዛል በለው።”

አቶ ሰይፈ ሥላሴ ስካውቱን ሊገሥጹ በማግስቱ በመኪና ተነሡ። ማኅተሙንና እኔን ይዘዋል። ስንደርስ አራት እንግዶች ድንኳናቸውን ከምረው ቆመዋል። ሰጠኝ ከዳማ በቅሎው ጎን ቁጭ ብሏል፤ ፊቱ የስድስት ሳምንት መንገድ ያሳያል። እኔ አፈርኩ። ሰጠኝ ሐላፊውን ሲያይ ግን ብድግ ብሎ፣ ሳይጠየቅ፣ ልጓሙን በእጃቸው አስያዛቸው።

“ምንድነው ይኼ?”

“ተራዎ ነው፣ ጌታዬ።”

“እኔ ነኝ በቅሎ ነጂ?” ብለው ወደ ያርጋል ዞሩ።

“ወረቀቱ እንደሱ ነው የሚለው” አለ ያርጋል፣ ረጋ ብሎ።

“አርመዋ!”

“ከግርጌው ስርዝ ድልዝ ያለበት ዋጋ የለውም ይላል። ቃሉ የርስዎ ነው።”

“አዲስ ይጻፍለት” ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

“ብሩሽ እስክሪብቶዎቹ ካዝና ውስጥ ናቸው። ቁልፉ ከርስዎ ቤት ነው” አልኩ።

እንግዶቹ ሰዓታቸውን እያዩ መንገድ ጀመሩ። በቅሎዋም ሥራዋን ታውቃለችና ተከተለቻቸው። ልጓሙ እጃቸው ላይ ስለነበር አቶ ሰይፈ ሥላሴም ተከተሉ። እንግዶቹ ዞረው ፎቶ አነሷቸው። አንደኛው የሚሸከመውን ቦርሳ ጭምር ሰጣቸው። እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ድረስ ጥሩ ነጂ ነበሩ፤ ያርጋል ራሱ መስክሯል።

ጠመዝማዛው ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አዩ፣ ቀና ብለው ዳገቱን አዩ።

“ሰው እስክሪብቶ ይዟል?” አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሰጠኝ ከኮፍያው ሥር ያችን ሰማያዊ መዝዞ ሰጣቸው። በእንግዳው ቦርሳ ላይ ወረቀት ዘርግተው ሁለት መስመር ጻፉ፤ ማኅተም መቱ። ያርጋል በሰዓቱ ያዘው፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ሰጠኝ ወረቀቱን ሳያዘነብል አነበበና ልጓሙን ተቀበለ።

የዓመቱ ሪፖርት ግሩም ነበር። የፈቃድ እድሳት ከስድስት ሳምንት ወደ ሁለት ደቂቃ መውረዱ፣ ይህም የተገኘው በብሩሽ እስክሪብቶ አሠራር መሆኑ ተብራራ። ሐላፊው ራሳቸው መስክ ወርደው ከባለጉዳይ ጋር ስለመሥራታቸው የእንግዶቹ ፎቶ ተያያዘ። በምርጥ ተሞክሮነት ተሸለሙ፤ ሽልማቱ አርባ ስምንት ቀለም ያለው ፓኮ ነው።

ዘንድሮም መስከረም ጠባ፣ ሰጠኝም መጣ። ኮሚቴው ሠላሳ አንደኛውን ቀለም እየመረመረ ነበር።

“ዘንድሮ ለባለጉዳይ ሦስት ዐይነት ቢጫ አለን” አለችው ዓለምዬ። “ስምህን በየትኛው ልጻፍልህ?”

“የኔን ተይው፣ እኅቴ” አለ ሰጠኝ። “በሳቸው ስም ይሁንልኝ። የሳቸው ጉዳይ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።”