ፍርፋሪ ያልገባበት የስጋ ዳቦ

ጤና በመጠያየቅ የሚያህለን የለም። መንገድ ላይ ተገናኝተን ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቶቹስ እያልን ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ እንቆማለን፤ መልሱን የሚሰማ ባይኖርም ጥያቄው አይጓደልም። ሰው ታመመ ከተባለማ አይጣል ነው! ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ገበሬው በሬውን ፈትቶ ሊጠይቅ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ተቀይሬ ወረታ ስገባ መጀመሪያ ልቤን የወሰደው ይኸው ነገር ነበር። አዲስ አበባ ጎረቤቴ መታመሙን የሰማሁት ድኖ ቤት ከቀየረ በኋላ ነው። ዛሬ ግን «ጠያቂ መጣ» ሲባል መጀመሪያ የማየው በእጁ የያዘውን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከስጋ ዳቦ ነው።

አትሳቁ። የስጋ ዳቦ የምለው የተፈጨ ስጋ ከሽንኩርት፣ ከእንቁላልና ከደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ጋር ተለውሶ፣ በዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ ምድጃ ገብቶ የሚወጣውን ነው። እንደ ዳቦ ይቆረሳል። አዲስ አበባ ሳለሁ ከአንዲት ምግብ አዋቂ ጎረቤቴ ተምሬው፣ ወረታ ድረስ ከነቆርቆሮው ይዤው መጣሁ። ፍርፋሪው ለማብዛት የሚገባ እንዳይመስላችሁ፤ የስጋውን ውሃ ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ያለ እሱ ወይ ይበተናል፣ ወይ ጫማ ይሆናል።

እዚሁ ወረታ ያገባሁት ባሌ አስማረ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነው። ነበር ማለቱን አፌ ገና አልለመደውም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያሠራ ነበር። መጀመሪያ የስጋ ዳቦ ያቀረብኩለት ቀን «ይኼ ስጋ ምን በድሎ ነው እንዲህ ያሰርሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጾም ያልሆነ እሑድ ሁሉ ያለ እሱ አይውልም ነበር።

አንድ ክረምት አባቱን ሩዝ አረም ሊያግዝ ሄደ። የሩዝ አረም በጫማ አይታረምም፤ ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። ማታ ሲመለስ ካልሲው ላይ ደም አየሁ። ውስጥ እግሩን ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ወግቶት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞበት ውሎ፣ አልተሰማውም። አልተሰማኝም ሲለኝ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ስኳር ነው፣ ቆይቷል፣ እግሩን እስኪያደነዝዘው ድረስ ቆይቷል አለን። «ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ እግሩን ታጡታላችሁ። ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር ይቅርበት።»

እንግዲህ ሰው የሚታገለው ከሚደርስበት ነገር ጋር ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ዳቦውን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ እንጀራውንም ቀነሰ። እኔ እጅ ላይ የቀረችው ያቺ አንድ እፍኝ ፍርፋሪ ነበረች። ጦርነት አወጅኩባት።

መጀመሪያ ምክር የሰጡኝ አማቴ ናቸው። «ዳቦው ከተከለከለ ሩዙን ቀቅለሽ አግቢበት እንጅ ልጄ፤ ሩዝ ምን አደረገ?» አሉኝ። ፎገራ ውስጥ ሩዝ የማይገባበት ነገር የለም፤ እንጀራው ውስጥ አለ፣ ጠላው ውስጥ አለ። ሐኪሙ ሩዝም ከልክሏል ብላቸው ተቆጡ። «እንግዲያማ ፎገራን እረሱት ይበለና!» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። የሽምብራ ዱቄት ሞከርኩ፤ ስጋ የወደቀበት ሽሮ ሆነ። ጥቅል ጎመን ከትፌ ጨመርኩ፤ ውሃውን ለቀቀና ቆርቆሮው ውስጥ ወጥ ሆኖ አገኘሁት። ተልባ ፈጭቼ አገባሁ፤ መያዙንስ ያዘ፣ አስማረ ግን አንድ ጎርሶ «ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?» አለኝ።

መላውን የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ አጥር የምጋራት ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሐጂ ኑሩ እህል ይነግዳሉ፣ እሷ ፊት ለፊት ሱቅ አላት። «አጃውን ለምን አታይውም እታለም? ከጉና ደጋ የመጣ አለ» ብላ ሰፍራ ሰጠችኝ። አመስ አድርጌ፣ ሸርከት አድርጌ ፈጨሁት፤ በእንቁላልና በሽንኩርት ውሃ አረስርሼ ከስጋው ጋር ለወስኩት። ከምድጃው ሲወጣ ቢላዋው እንደ ቅቤ ገባለት። አስማረ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀ። እልል ማለት ነው የቀረኝ! ዘይነባ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሽታውስ አማረ!» አለችኝ። መቅመስ አትችልም። የእኛ እርድ ለእነሱ፣ የእነሱ ለእኛ አይበላም፤ ዕድሜ ልካችንን እየተዋደድን አንዳችን የሌላችንን ስጋ አንቀምስም። አጃውን ብቻ ከመዳፌ ቆንጥራ ቀመሰችልኝ።

ስኳሩ ግን አልወረደም።

ሐኪሙ ምን ይበላል እያለ መረመረኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ስለ አጃ ነገርኩት። ምን ገብቶኝ! አስማረ በቁስሉ ምክንያት ወፍጮውን ትቶ ቤት ይውል ጀምሯል። ነገሩን የተረዳሁት አንድ ቀን ከቢሮ ቀደም ብዬ ስመለስ ነው። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፤ ግድግዳውን ተደግፎ የለስላሳ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። አጠገቡ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ከይፋግ የመጣ ድፎ ዳቦ፣ አጎቱ ከአንበሳሜ ያመጡት ማር። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣማ። ያመጣው ደግሞ እዚያው ይከፈትለታል፤ ጠያቂ ብቻውን አይጠጣማ። «ትንሽ ጉሮሮህን አርጥብበት» ይሉታል፤ አስማረም ብርጭቆውን አንስቶ ከሰዎቹ ጋር ይጠጣል። እኔ እሑድ የምቀንስለትን አንድ እፍኝ ፍርፋሪ፣ እሱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በብርጭቆ መልሶ ይጠጣዋል።

አበድኩ። እንግዳ ፊት «ስኳር እኮ ነው ያለበት!» ብዬ ጮኽኩ። አጎቱ በርኅራኄ አዩኝና «ጣፋጭ ስትከለክይው አይደል የሚደክመው፤ ማር ነው የሚያበረታው» አሉኝ። አማቴ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። «ልጄን ከሰው አታቆራርጭብኝ። ሰው ያልጠየቀው በሽተኛ ከሞተ ምን ለየው?» እንባቸው መጣ። ማታ አስማረን ስቆጣው እንደ ልጅ አንገቱን ደፋ። «የከንፈሬን ጫፍ ነው ያስነካሁት። ከቁሐር ድረስ በእግሩ የመጣን ሰው ብቻህን ጠጣ ልበለው?» እውነቱን ነው፣ የከንፈሩን ጫፍ ነው። ግን ስንት ጠያቂ ነው የነበረው? የለስላሳው ጠርሙስ የሚገዛው ከዘይነባ ሱቅ እንደሆነም አውቄያለሁ። ምን ታድርግ፣ ለአስማረ ጠያቂ አልሸጥም ትበል?

ባሕር ዳር ወስደን እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ተመልሰን ስንገባ ጠያቂው እጥፍ ሆነ፤ እግር የተቆረጠበት ሰው እንዴት ሳይጠየቅ ይታለፋል! ጠርሙሱም እጥፍ ሆነ። ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ፣ በሚቀጥለው ክረምት ሞተ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበት ስለነበር ቁሐር ሚካኤል ያደረሱት ጉልበታቸው ድረስ እየጠለቁ በትከሻ ነው። ለቀስተኛው «እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነበር!» አለ። ነበር። በዚያ ነው የሞተው። የስጋ ዳቦ ቆርቆሮውን ከዚያ ወዲህ አላወጣሁትም።

ባለፈው ወር ሐጂ ኑሩ ተኙ። ስኳር ነው አሉ፤ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቷል። ይኼኔ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? የስጋ ዳቦ ጋግሬ ልወስድላቸው አልችልም፣ እርዱ የእኛ ነው። አጃ ግን እርድ የለበትም። አጃ የማንም አይደለም። አመስኩት፣ ፈጨሁት፣ በንጹሕ ከረጢት አድርጌ ይዤ ገባሁ። በራሷ ስጋ እንድትሠራው ለዘይነባ ላስረዳት፣ ከዚያም ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ጠያቂው ሁሉንም ልነግራት፣ ሐጂም እየሰሙ ልናገር ቆርጬ ነው የሄድኩት።

ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ዘይነባ አጃውን በሁለት እጇ ተቀብላ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ለአስማረ ጭምር መሆኑን አውቄያለሁ። ከረጢቱን በሩ ኋላ አስቀመጠችና ግድግዳው ሥር ከተደረደረው አንድ ጠርሙስ አንስታ ከፈተችልኝ።

«ኧረ ተይኝ ዘይነባ» አልኳት።

«ውይ እታለም፣ አፍሽ ደርቆ ልትወጪ ነው?»

ሐጂ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ፊታቸው በራ። «እንግዳማ ብቻዋን አትጠጣም። ለኔም ቅጅልኝ፣ ትንሽ» አሉ።

ተቀዳላቸው። ቤቱ ሁሉ ያየኛል። የመጣሁበት ነገር አፌ ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ፣ የማን እግር እንዴት እንደሄደ አውቃለሁ። እኚህ ሰው ግን ከኔ ጋር ሊጠጡ በመቻላቸው ደስ ብሏቸዋል። አስማረም ልክ እንዲህ ነበር ደስ የሚለው፤ በሽተኛነቱን የሚረሳው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ይኼ እሱ ሲሞት እንኳ አልገባኝም ነበር።

«ጠጭ እንጅ ልጄ» አሉኝ ሐጂ፣ ብርጭቆውን ይዘው እየጠበቁኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«አይሆንም ሐጂ፤ እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው።

ቢስሚላህ ብለው ጠጡ።